አውቶቡስ የማይቆምበት ፌርማታ

አስተባባሪዋ ቢሮ የላትም። ጠረጴዛዋ ያለው ደረጃ ላይ ነው፤ ከሁለተኛው ፎቅ ወደ ሦስተኛው ሲወጣ፣ ደረጃው በሚታጠፍበት ጠፍጣፋ ቦታ ላይ። የከተማውን ሦስት ክፍሎች እንድታቀናጅ የተሾመች ዕለት፣ አንደኛ ፎቅ ያለው የአውቶቡስ ክፍል “እሷ የሁላችንም ናት፤ እኛ ብቻችንን ልንይዛት አይገባም” አለ። ሁለተኛ ፎቅ ያለው የፓርኪንግ ክፍልም፣ ሦስተኛ ፎቅ ያለው የመሬት አጠቃቀም ክፍልም ይህንኑ አሉ። ሦስቱ ክፍሎች እንዲህ በአንድ አፍ ተናግረው አያውቁም። ስለዚህ ጠረጴዛው ደረጃ ላይ ወጣ። የሚወጣው ሰው ፋይሎቿን በጉልበቱ እየገፋ ያልፋል፣ የሚወርደው በቦርሳው ጭንቅላቷን እየነካ ያልፋል፤ እሷ “ምንም አይደል” ስትል ትውላለች። ደመወዟ የሚከፈላት ለዚህች “ምንም አይደል” ነው ቢባል ብዙም ውሸት የለበትም።

የምትኖረው ከአባቷ ጋር ነው። አባቷ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ሰፈሩ የሚጠራቸው “ፍሬቻ” እያለ ነው። በእግራቸው ሲሄዱ እንኳ፣ ወደ ቀኝ ከመታጠፋቸው በፊት ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው ለኋላው ሰው ያሳውቃሉ። ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት ሲገቡም ይዘረጋሉ፤ ከኋላቸው ማንም ባይኖርም። አንዲት የማትለወጥ ንግግርም አለቻቸው፦ “ያን ሁሉ ዘመን ስነዳ፣ ከፌርማታ ውጪ በር ከፍቼ አላውቅም!” ይህቺን ንግግር ያልሰማ ጎረቤት ቢኖር፣ ወይ ጆሮው የማይሰማ ወይ ትናንት የገባ ተከራይ ነው። እናቷ ደህና በነበሩ ጊዜ ታዲያ፣ ባላቸው ይህንን ባሉ ቁጥር ሳል ይይዛቸው ነበር። አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ወደ ጓዳ ይሮጡና እዚያ ሆነው ይስላሉ፣ ይስላሉ። ልጅቱ እስክታድግ ድረስ እናቷን ሳንባቸውን የሚያማቸው ይመስላት ነበር።

አሁን እናቷ አይስሉም፤ አይናገሩምም። ግማሽ ጎናቸውን ከያዛቸው ወዲህ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ማገገሚያ ቤት ተኝተዋል። አንድ ክፉ አመል አመጡ፤ ከባላቸው እጅ ካልሆነ ከማንም እጅ አይበሉም። ነርሶቹ ለምነዋል፣ አባብለዋል፣ ተቆጥተዋል፤ ወይ ፍንክች። አባቷ ግን ከቤታቸው ይዘውት የሚሄዱትን ማንኪያ ከኮታቸው የደረት ኪስ ያወጣሉ፣ ሾርባውን ይጨልፋሉ፣ “በሩን ክፈቺ፣ ተሳፋሪ መጥቷል” ይላሉ። ያኔ የእናቷ አፍ ይከፈታል። በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ነው ይህ፤ እናቷን በሕይወት ያቆያቸው ይኸው ነው። አባቷን ደግሞ እዚያ የሚያደርሳቸው ከግቢያቸው በር ፊት ለፊት የሚቆመው አውቶቡስ ነው። ሹፌሩ እሳቸው ራሳቸው መሪ አስይዘው ያስተማሩት ሰው ስለሆነ፣ ሁሉም “ተማሪው” ይለዋል፤ ፀጉሩ ግን ሸብቷል።

ጉዱ የጀመረው ከሦስተኛው ፎቅ ነው። የመሬት አጠቃቀም ኃላፊው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን የሚፈልጉ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ካርታቸውን ሲያዩ አንድ ነገር ብልጭ አለላቸው። ፌርማታ ጣሪያ አለው፤ አግዳሚ ወንበር አለው፤ ሕዝብ ይገለገልበታል። እንግዲያው ፌርማታ ቤት ነው፣ ያውም አገልግሎት የሚሰጥ ቤት። ጉዳዩ ወደ ሁለተኛው ፎቅ ወረደ። የፓርኪንግ ኃላፊው ደንባቸውን በቃላቸው ያውቁታል፤ አገልግሎት የሚሰጥ ቤት ሁሉ ለደንበኞቹ መኪና ማቆሚያ ያዘጋጃል። “መኪና ያለው ሰው ፌርማታ ምን ሊሠራ ይመጣል?” ብሎ የጠየቀ አልተገኘም። አስተባባሪዋም አልጠየቀችም፤ የእሷ ሥራ ማቀናጀት ነው እንጂ መጠየቅ አይደለም።

ለሙከራ አንድ ፌርማታ ተመረጠ። ከፊቱ ያለው የመንገድ ዳር ነጭ ቀለም ተቀባ፣ ጥበቃ ተቀጠረ፣ “ለአውቶቡስ ተሳፋሪዎች ብቻ” የሚል ሰሌዳ ተተከለ። መኪኖች ሞሉበት። ይሄኔ አንደኛው ፎቅ ባነነ። የአውቶቡስ ክፍል ኃላፊዋ “ጠርዙን መኪና ከያዘው አውቶቡሴ የት ይጠጋል? እኔ መሐል አስፋልት ላይ ሰው አላወርድም!” አሉ። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ አውቶቡሱ ሳይቆም እንዲያልፍ ተወሰነ። ፌርማታው ግን እንዳይነካ ተባለ፤ ፌርማታው ከፈረሰ ፓርኪንጉ የምን ፓርኪንግ ሊባል ነው?

ሦስቱም ኃላፊዎች ፈረሙ፤ አራተኛዋ ፈራሚ አስተባባሪዋ ነበረች። ደረጃው ላይ ተጨበጨበላት። ፌርማታው በካርታው ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለውም፤ እሷ ደግሞ ከሹመቷ ጋር የመሥሪያ ቤት መኪና ተሰጥቷት በጓሮ በር ስለምትወጣ፣ ከግቢያቸው ፊት ለፊት ያለውን መንገድ ካየችው ቆየች። አባቷ ቀለሙ በተቀባበት ቀን ማታ “ዛሬ ለአውቶቡሱ ቦታውን አሳምረው ቀቡለት፤ ደስ ይላል” ብለዋት ነበር። እሷም ከፋይሏ ቀና ሳትል “ጎሽ” አለች።

በማግስቱ ስልኳ ጮኸ። አባቷ ነበሩ።

“አለፈኝ” አሉ።

“ማን?”

“አውቶቡሱ ነዋ! ተማሪው አይቶኝ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ አለፈኝ።”

አስተባባሪዋ ካርታዋን ዘረጋች። ጣቷን በቁጥሩ ላይ፣ ከዚያ በመንገዱ ላይ፣ ከዚያ በቤቷ ላይ አሳረፈች። ሦስቱም አንድ ጣት ሥር ገቡ። የምትገባበት ጠፋት። በገዛ እጇ ፈርማ የእናቷን ምሳ ቀምታለች።

መኪናዋን አስነስታ ስትደርስ አባቷ ፌርማታው ውስጥ ከጥበቃው ጋር ገጥመዋል።

“አባቴ፣ ይነሱ፤ መኪናዎ የታለ?” ይላል ጥበቃው።

“መኪና ቢኖረኝ አውቶቡስ ምን ልሁን ብዬ እጠብቃለሁ?”

“እሱን እኔ አላውቅም። እዚህ መቀመጥ የሚችለው መኪናውን እዚህ ያቆመ ሰው ነው። ይኸው፣ እኚህን ጋሼን ይመልከቷቸው።”

አግዳሚው ላይ አንድ ባለ ኮፍያ ሰው ተቀምጧል። ጠዋት መኪናውን ሲያቆም ጥበቃው “ተሳፋሪ ነህ ወይ?” ብሎ አፋጦት “አዎ” ብሏል። ከዚያ ወዲህ ጥበቃው ዓይኑን ከእሱ ላይ ስላልነቀለ፣ ሰውየው አውቶቡስ የሚጠብቅ መስሎ ደርቆ ቀርቷል። ሥራ የሚገባው ከመንገዱ ማዶ ያለ ሱቅ ውስጥ ነበር።

“አባባ፣ የዛሬው ምሳ ሰዓት አልፏል፤ ከነገ ጀምሮ የሚቀጥለው ፌርማታ ብትሄድስ?” አለች ልጅቱ።

አባቷ ዳገቱን አዩት፣ ከዚያ ጉልበታቸውን አዩት። 

ማታ ተማሪው ደወለ። ድምፁ ሊያለቅስ የደረሰ ሰው ድምፅ ነው። “ጋሼ፣ ይማሩኝ። ከፌርማታ ውጪ በር አይከፈትም ያሉኝ እርስዎ ነዎት። የመጀመሪያ ቀን ነው ያሉኝ።”

“ልክ ነህ። እኔም ብሆን አልከፍትም” አሉ አባቷ፤ ስልኩን ዘጉትና ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ። የዚያን ዕለት ሲዞሩ እጃቸውን አልዘረጉም። ልጅቱ ይህን አየች። ከማገገሚያ ቤቱም ነርሷ ደውላ “እማማ ዛሬ አልበሉም” ብላ ነበር።

በሁለተኛው ቀን አስተባባሪዋ ሥራዋን ጥላ አባቷን በመኪናዋ ይዛቸው ሄደች። ማገገሚያ ቤቱ ፊት ለፊት ማቆሚያ አለ፤ ሞልቷል። ጎኑም ሞልቷል። ጓሮውን የሞሉት የፓርኪንግ ክፍል ተቆጣጣሪዎች መኪኖች ናቸው፤ ሰዎቹ የማቆሚያ እጥረቱን ሊያጠኑ መጥተው ነው። ሕንፃውን ዞረች። አንደኛ ፎቅ መስኮት ላይ እናቷ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ። አባቷ እጃቸውን አውለበለቡላቸው። ዞረው ሲመጡ አሁንም አውለበለቡ። ምሳው ገብቶ ሳህኑ ከእናቷ ፊት ተቀምጧል፤ በየዙሩ እንፋሎቱ እየቀነሰ ሲሄድ ይታያል።

“አባባ፣ እዚሁ ላቁምልህና ዝለል!”

“ሰሌዳውን አታይም? ማቆም ክልክል ነው ይላል።”

“በፈጠረህ ውረድ!”

መሐል መንገድ ላይ ፍሬን ያዘች። አባቷ በሩን ከፍተው አንድ እግራቸውን አወጡ፣ ጉልበታቸውን በእጃቸው ይዘው ሁለተኛውን ሊያስከትሉ ሲሉ የጥበቃ ፊሽካ ተነፋ፣ ከኋላም ክላክስ ጮኸ። ዞር ብለው አዩ። አውቶቡስ ነው። የወጣውን እግራቸውን መልሰው አስገቡ።

“ምን ሆንክ?”

“አውቶቡስ ላይ መንገድ አይዘጋም” አሉ፤ በሩን ዘጉት።

ልጅቱ መሪውን በቡጢ መታችው። ሌላ ዙር ዞረው ሲመጡ አንድ ሠራተኛ ሙሉውን ሳህን ይዞ ከክፍሉ ይወጣል። እናቷ መስኮቱ ላይ ነበሩ፤ ዓይናቸው ከመኪናዋ ጋር አብሮ ዞረ። ማታ ነርሷ ደወለች። ሐኪሙ ነገም ካልበሉ በአፍንጫቸው ቱቦ ይገባላቸዋል ብሏል። “ቱቦ ከገባ በኋላ በአፋቸው ወደ መብላት መመለስ ይከብዳል፤ እንግዲህ እወቂው ብዬ ነው እህቴ።”

ቅንጅትን ለማፍረስም ቅንጅት ያስፈልጋል። አስተባባሪዋ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሦስቱን ፎቆች ስትወጣ ስትወርድ ያወቀችው ይህን ነው። እያንዳንዱ ኃላፊ አዘነላት፣ ወንበር ሳበላት፣ ስለ እናቷ ጠየቃት፤ “እኔ ብቻዬን ብሽረው ግን ያልተቀናጀ ይሆናል፤ ሦስታችንንም ሰብስቢን” አላት። ሰበሰበቻቸው። የመሬት አጠቃቀም ኃላፊው ወደ ሌላ ፎቅ ስብሰባ አልወርድም አሉ። የአውቶቡስ ኃላፊዋም ሦስተኛ ፎቅ አልወጣም አሉ። ስለዚህ ስብሰባው ጠረጴዛዋ ዘንድ ተደረገ፤ አንዱ ከላይ ደረጃ፣ አንዷ ከታች ደረጃ ቆመው። የፓርኪንግ ኃላፊው ግን ለጉዳይ ከሕንፃው ወጥተው ነበርና ቀሩ። ደወለችላቸው።

“ደርሻለሁ እኮ!” አሉ በስልክ። “የማቆምበት አጥቼ ሕንፃውን እየዞርኩ ነው። መስኮት ላይ ብትወጡ ታዩኛላችሁ።”

በደረጃው መስኮት አዩ። እውነትም ኃላፊው በመኪናቸው ሲያልፉ ነበር፤ እጃቸውን አውለበለቡ።

አስተባባሪዋ ያቺን የምትውለበለብ እጅ ስታይ ትናንት ትዝ አላት። ደረጃው ላይ የቆሙት ሁለቱ “እንግዲህ ይምጡና እንቀጥላለን” ይባባላሉ። ምሳ ሰዓት ደርሷል። ቀይ ፋይሏን አነሳች፣ “ምንም አይደል” ሳትል በመሐላቸው ገፍታ ወረደች። ሲጠሯት አልዞረችም። መኪናዋንም አልነካችውም፤ ከፊቷ ሌላ መኪና ተለጥፎ ቆሞባት ነበር። በእግሯ ሮጠች፤ ሰፈሯ ቅርብ ነው።

አባቷ ፌርማታው አጠገብ፣ ከጣሪያው ውጪ፣ ፀሐይ ላይ ቆመዋል። ኮታቸውን ለብሰዋል፣ ማንኪያው ከደረት ኪሳቸው ብቅ ብሏል። “ያልፈኛል፤ ቢሆንም ቤት መቀመጥ አቃተኝ” አሏት። ባለ ኮፍያው ሰውዬ ዛሬም አግዳሚው ላይ አለ፤ ጥበቃውም ዛሬም ያየዋል።

አውቶቡሱ ከወዲያ ማዶ ታጥፎ መጣ። ልጅቱ አላሰበችም። በቆሙት መኪኖች መሐል ሾልካ አስፋልቱ ላይ ገባች፣ ፋይሏን ደረቷ ላይ አቅፋ መሐል ቆመች። ተማሪው ፍሬኑን ረገጠ፤ አውቶቡሱ ቀሚሷን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ቆመ። ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ላይ ወደፊት ተደፋና ተመለሰ።

“እህቴ፣ ዞር በይ!” አለ ተማሪው በመስኮቱ።

“በሩን ክፈት!”

“ፌርማታ አይደለም!”

“ፌርማታማ ነው፤ ጣሪያውን አታየውም?”

“ፌርማታ ነው፣ ግን የሚቆምበት አይደለም! በምትወጃት ዞር በይ፣ ሥራዬን አታሳጪኝ!”

ከኋላ ክላክሱ በክላክስ ላይ ተደራረበ። አባቷ ከዳር ሆነው “ልጄ፣ ነይ ውጪ፣ ሰው አታስቂብን!” ይላሉ፤ ፊታቸው በኀፍረት ቀልቷል። የእሷ ግን ትዕግሥቷ አልቋል። አርባ ዓመት ሊሞላት ነው፤ በአደባባይ ሰው ሰድባ አታውቅም። ቃሉ ከየት እንደመጣላት እንጃ፤ “ክፈት አልኩህ፣ አንተ ግንድ!” ብላ የአውቶቡሱን ፊት በፋይሏ መታችው።

አባቷ ክው አሉ። ልጃቸውን እያዩ ሌላ ሰው የሚያዩ ይመስላሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ፣ በመኪኖቹ መሐል ታጥፈው ወደ አውቶቡሱ በር ሄዱና መስታወቱን በማንኪያቸው አንኳኩ።

“ክፈት” አሉ።

“ጋሼ! እርስዎ እኮ በዘመንዎ ሁሉ…”

“አንድ ጊዜ ከፍቻለሁ።”

ተማሪው የሰማውን ማመን አቃተው። 

“የዚህች እናት ናት” አሉ፤ ልጅቱን በማንኪያው እያሳዩ። “ከፌርማታው ትንሽ ራቅ ብላ ቆማ ነበር። አልፌያት ልሄድ ስል መሐል አስፋልት ገባች። እንደዚሁ ነው የቆመችብኝ። ክፈት፣ አንተ ግንድ አለችኝ። ከፈትኩላት። ይኸው እስከ ዛሬ አልወረደችም።” አፍንጫቸውን በእጃቸው ጠረጉ። “አሁን ርቧታል። ክፈት፣ ልጄ።”

በሩ ተከፈተ።

አባቷ ወጡ፣ ልጅቱ ከኋላቸው ገፋ አድርጋ ደገፈቻቸውና ራሷም ወጣች። በሩ ሊዘጋ ሲል ጥበቃው ባለ ኮፍያውን ሰውዬ በክንዱ ይዞ እየጎተተ ደረሰ። “ይጠብቁ! እኚህ ሁለት ቀን ሙሉ ሲጠብቁ ነበር!” ሰውየው ሱቁን በዓይኑ እየተሰናበተ ገባ። ልጅቱ ቀይ ፋይሏ አስፋልቱ ላይ መቅረቱን ያየችው አውቶቡሱ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው። ስልኳም ጮኸ፤ የፓርኪንግ ኃላፊው ነበሩ፣ ማቆሚያ አግኝተዋል። አላነሳችውም። ከአባቷ አጠገብ ተቀምጣ ክንዳቸውን ያዘች፤ አውቶቡስ ውስጥ ከተቀመጠች ስንት ጊዜዋ እንደሆነ ልታስታውስ ሞከረች፤ አልቻለችም።

ሲደርሱ የምሳው ሳህን ሊነሳ ነበር። ነርሷ በሩ ላይ ሆና ተጠቅልሎ የታሸገውን ቱቦ ይዛለች። “አንዴ! አንዴ ብቻ!” አለች ልጅቱ እያለከለከች። አባቷ ወንበር ስበው እናቷ ፊት ተቀመጡ። ሾርባውን ጨለፉ።

“በሩን ክፈቺ፣ ተሳፋሪ መጥቷል።”

የእናቷ አፍ አልተከፈተም። ሁለት ቀን መስኮት ላይ ቁጭ አድርገው ያስጠበቋቸውን ሰው ትክ ብለው ያዩዋቸዋል። ተቀይመዋል፤ መቀየማቸው ዓይናቸው ላይ ተጽፏል።

“አንቺ ሰው፣ አትኩረፊብኝ። የመጣሁት በጉድ ነው” አሉ አባቷ፤ ሾርባው ከማንኪያው ጠብ ጠብ ይላል። “ልጅሽ መሐል አስፋልት ገብታ አውቶቡስ አስቆመች። ግንድ ብላ ሰደበችው። እኔም በሩን አስከፈትኩት። ያው ያኔ መክፈቴን… ሰው ሁሉ እየሰማ ተናገርኩት። ተዋረድኩልሽ።”

እናቷ ዓይናቸውን ወደ ልጃቸው አዞሩ፣ ከዚያ ወደ ባላቸው መለሱ። ትከሻቸው ነቅነቅ አለ። አንድ ድምፅ ከጉሮሯቸው ወጣ፤ ያዝ አደረጋቸው፣ ደገማቸው። ሳሉ።

“ታነቁ!” አለች ነርሷ፣ ቱቦውን ጥላ እየሮጠች።

“ተያቸው” አለች ልጅቱ፤ እንባዋ ጉንጯ ላይ እየወረደ። “አልታነቁም። ይህ ሳል የድሮ ነው።”

ሳሉ ሲበርድላቸው እናቷ ደህና የሆነውን እጃቸውን አንስተው አፋቸውን ጠረጉ። ከዚያ የባላቸውን ማንኪያ እያዩ በሩን ከፈቱ።